ግመሊት በአራት እግሯ

ኅዳር 14 ቀን

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ፣

እርስዎ ካሉበት ድረስ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ እንቅልፍዎ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማማ ዓይናቸው አሁን ጨርሶ ከድቷቸዋል፤ በድምፅና በዳበሳ ነው የሚለዩን። በጸሎታቸው ሁልጊዜ ያነሱዎታል፤ አሜን ሳይሉም "ያ ልጅ ካፖርት ገዝቶ ይሆን?" ብለው እኔን ይጠይቃሉ።

የምጽፍልዎ ወንድምዎ አዞኝ ነው። እሱ ብዕር ከሚይዝ ሞተር ብቻውን ቢያወርድ ይመርጣል። አሁንም ግመሊት ሥር ተንጋልሎ ነው የሚያጽፈኝ፤ እኔ በሩ ደፍ ላይ ተቀምጫለሁ፣ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። ግመሊት ያልኩዎ ፒካፓችን ናት። ዳገት ላይ ስትንበረከክ ያዩ ተሳፋሪዎች ያወጡላት ስም ነው።

"እንዲህ በይልኝ" ይላል። ግመሊትን የሚገፏት የኋላ ሁለት ጎማዎች ብቻ ናቸው። ዝናብ ሲጥል እነሱ ባሉበት ይሽከረከራሉ፣ የፊቶቹ እንደ እንግዳ ቁጭ ብለው ያያሉ። ስለዚህ አራቱም እንዲሠሩ ሊያደርጋት ነው። ፎር ዊል መኪና መግዛት ለእኛ የማይታሰብ መሆኑን ያውቃሉ። ከተማ ውስጥ ከተቃጠለ መኪና ላይ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለውን ሳጥን በርካሽ አግኝቷል፤ ከካምቢዮው ኋላ ይገባል። የጎደለው የፊት ጎማዎቹን የሚያዞረው አክሰል፣ መሐሉ ላይ ካለው ባለጥርስ ዲፈረንሻል ጋር፣ ነው። "አንተ በምትሠራበት ግቢ መኪና በየቀኑ ይበለታል፣ አንድ የፊት እግር አትከልክለኝ" ብሏል። አሮጌ ዕቃ የሚያስመጣው ነጋዴ ከራሱ ጭነት ጋር ሊያመጣልን ተስማምቷል።

አሁን ውሃ ሊጠጣ ገባ። ከዚህ በታች ያለውን እሱ አላዘዘኝም።

ወንድም ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ይህ የሚሆን ነገር ነው? ፋብሪካ የሠራውን መኪና በመጋዝ ቆርጦ፣ ጎረቤታችን በያጁ የአጥር በር በሚበይድበት እጁ በይዶት፣ ሰው ይሳፈርበታል? መንገዳችንን ያውቁታል። ለድንች ጭነት ነው ይለኛል። እኔ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱም እንደማውቅ ያውቃል፤ ሁለታችንም አፋችንን አንከፍትም። ሲመልሱልኝ ጮክ ብዬ የማነብለትን ለብቻ፣ ለእኔ የሚሆነውን ለብቻ ያድርጉልኝ።

የዋሉበት ሁሉ ሰላም ይሁንልዎ።

የወንድምዎ ሚስት


ጥር 6 ቀን

በፎቶግራፍ ብቻ ለማውቅሽ እህቴ፣

ለአንቺ፣ ለቡሎንና ለእናታችን ከልብ የሆነ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ቡሎን ስለው አትቀየሚኝ። አጭርና ጠንካራ ስለነበረ፣ የያዘውንም ስለማይለቅ በልጅነቱ ያወጣሁለት ስም ነው። እናታችንን "ካፖርት ገዝቷል" በያት። ቀለሙን ከጠየቀችሽ ቡናማ ነው።

ይህን አንብቢለት። አክሰሉ ተገኝቷል። መንገድ ስቶ ግንብ የመታ መኪና ወደ ግቢያችን ገብቷል፤ ጣሪያው ተጨፍልቋል እንጂ ሥሩ ጤነኛ ነው። ስትገጥመው ክብደቷን የሚሸከመውን ባሌስትራ ከግራና ከቀኝ እኩል ለካ፤ ጣት የምታህል ልዩነት መሪውን ወደ አንድ ወገን ትጎትተዋለች። የፍሬኑን ቱቦ አስረዝመው፤ መሪው እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝ እንዳይወጠር። በያጁ በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ካለህ እሺ አትበለው፤ ብረት ሲቸኮልበት ይጣመማል። ስትጨርስ ያለ ሰው፣ ያለ ጭነት፣ ሜዳ ላይ ሞክራት።

ከዚህ በኋላ ለአንቺ ነው።

እውነቱን ንገረኝ አልሽ። ይሆናል። እኔ በምሠራበት ግቢ እንዲህ በቤት የተለወጡ መኪኖች ሊፈቱ ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ብዙ ዓመት ሠርተው፣ አርጅተው ነው የሚመጡት። አንዳንዶቹ ደግሞ እንደዚያ ሆነው አይመጡም፤ የእነሱን ወንበር እኔ ሳልሆን ሌላ ሰው እንዲያወጣው እለምናለሁ።

ወንድሜ ፈሪ አይደለም፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ያንን መንገድ እስከ ዛሬ ኋላዋ ላይ ድንጋይ ጭኖ፣ ጎማዋ ላይ ሰንሰለት አስሮ ነዳው። ዘንድሮ ምን መጣ? አንድ ነገር ደብቃችሁኛል። አላስገድድሽም፤ ግን በጨለማ ውስጥ ሆኜ ከመገመት ብትነግሪኝ ይሻለኛል።

ከክፉ ሁሉ ይጠብቃችሁ።

ወንድምሽ


መጋቢት 20 ቀን

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ፣

ባሉበት ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አክሰሉ ደረሰ። ለማውረድ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ተጠራ። እማማ እጃቸውን ይዘን ወሰድናቸውና ዳበሱት፤ "ልጄ የነካው ነው?" አሉ፤ አዎ ስንላቸው ግሪሱ እጃቸው ላይ እንዳለ አልታጠብም ብለው ዋሉ።

ግቢያችን ጋራዥ ሆኗል። ጠዋት ጠዋት ጎረቤት በርጩማውን ይዞ ለምክር ይመጣል። ጡረታ የወጣው አስተማሪ ከወንድምዎ ራስጌ ቆሞ "ተው ይቅርብህ" ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ "የት ደረሰ?" ብሎ ይመለሳል። በያጁ እርስዎ እንዳዘዙት በቀስታ ነው የሠራው፤ ቀስ ማለቱ ግን ከጥንቃቄ ይሁን ከወሬ አላወቅኩም። እኔ የስፌት መኪናዬን መስኮቱ ሥር አድርጌ ሱሪ እያጠበብኩ አያቸዋለሁ። አሮጌ ጨርቅ ላይ አዲስ ስሰፋ፣ ሁልጊዜ የሚቀደደው ከስፌቱ ጎን ያለው አሮጌው ነው። ግመሊትን ሳያት ይህ ነው የሚመጣብኝ።

ደብቃችሁኛል ብለዋል። እውነት ነው፤ ልንገርዎ።

አምና በክረምት ምጥ ይዞኝ ወደ ከተማ ስንወርድ ጥቁሩ ጭቃ ላይ ግመሊት ሰመጠች። ያውቁታል፤ ከዋርካው አልፎ መንገዱ የሚጎድልበት ቦታ። ወንድምዎ ድንጋይ አስገባ፣ ቅርንጫፍ አስገባ፣ መጨረሻ ላይ የለበሰውን ጃኬት ጎማው ሥር አነጠፈ። የኋላው ጎማ ጭቃውን በመስኮት እየረጨብን ባለበት ዞረ። ልጁ እዚያው ተወለደ። ወንድ ነበር። አላለቀሰም። ለእርስዎ "ታማ ነበር፣ ተሽሏታል" ተብሎ ነው የተጻፈው፤ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ወንድምዎ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ጃኬቱን ግን ሄዶ ከጭቃው ቆፍሮ አወጣው።

አሁን ደግሞ ነፍሰ ጡር ነኝ። ሐምሌ መጨረሻ ይሆናል ብለውኛል። ክረምቱ ሳይገባ ከተማ ያክስቴ ልጅ ጋ ልውረድ ስለው "እኔ ታዲያ ይህን ሁሉ የምሠራው ለምንድን ነው?" አለኝ። እማማንም ብቻቸውን ትቼ ብዙ መሰንበት አልችልም። ሰኔ መጨረሻ ላይ እወርዳለሁ ተባብለናል።

ትናንት ሜዳው ላይ ሞከራት። ውሃ በበርሜል አምጥቶ ራሱ ጭቃ ሠራ፤ መሐሉ አቆማት፤ አራቱንም አስገባና ነካት። እንደ ምንም ወጣች። ወንድምዎ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ደረቁ መሬት ላይ ስትዞር ታቃስታለች፣ መሪዋም ይከብዳል። "ገና አልተላመደችም" ይለኛል። እኔ ማታ ስተኛ ያ ማቃሰት ጆሮዬ ውስጥ ነው።

በርታ ይበሉልኝ፤ ወይም ተው ይበሉልኝ። የትኛውን እንደምፈልግ እኔም አላውቅም።

እማማ ሳሙልኝ ብለዋል።

የወንድምዎ ሚስት


ግንቦት 3 ቀን

እህቴ፣

ሰላምታ ለማብዛት ጊዜ የለኝም፤ ይቅር በይኝ። ስለ ልጁ የነገርሽኝን አንብቤ ብቻዬን አለቀስኩ። ስለዚያ ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ። አሁን ይህን ለቡሎን ዛሬውኑ አንብቢለት።

ወንድሜ፣ ታቃስታለች ያላችሁት አለመላመድ አይደለም። ደብዳቤውን ባነበብኩ ማግስት ያንተን አክሰል የሚመስል ሌላ አገኘሁና ፈታሁት። ከውጭ አንድ ዓይነት ሆነው የውስጣቸው ጥርስ ቁጥር የሚለያይ ሁለት ዓይነት አለ። ለአንተ የላክሁት የትኛው እንደሆነ አላውቅም፤ ሳልቆጥር ነው የጫንኩት። የፊቱና የኋላው ጥርስ እኩል ካልሆነ የፊት ጎማ አንድ መንገድ፣ የኋላው ሌላ መንገድ መሄድ ይፈልጋሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ልዩነቱ ይጠፋል። ድንጋይና ደረቅ መሬት ላይ ግን የሚጠፋበት የለም። ዘንጉ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ወይ የሆነ ነገር ይሰበራል፣ ወይ መሪው አልታዘዝም ይላል።

መንገዳችን ላይ ጠፍጣፋው ድንጋይ እንዳለ እኔ ልንገርህ አያስፈልግም።

እንዲህ አድርግ። የፊቱን ሁለት ጎማ በክሪክ አንሳ። ጎማው ላይና ወደ አክሰሉ በሚገባው ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ። ሁለቱም ጎማ አብረው አንድ ዙር ሲዞሩ ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠር። ከኋላም እንደዚሁ። እኩል ካልሆነ አራቱን አታስገባ። እህቴን አሳፍረህ ጨርሶ አታስገባ።

እህቴ፣ ይህ እንደደረሰሽ ወደ ከተማ ውረጂ። እማማን ለጎረቤት አደራ ስጪ። ደረሰኝ የሚል አንድ መስመር ጻፊልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ወንድማችሁ


ሰኔ 16 ቀን

እህቴ፣ ቡሎን፣

ነጋዴው ዕቃ ሊገዛ እዚህ መጥቶ አገኘሁት። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ መጣ፣ መንገዱ ከተዘጋ ሰነበተ፣ የእናንተ የላይ አገር ሰዎች ደብዳቤ ሁሉ ከተማ በሚቀበልላችሁ ባለሱቅ መደርደሪያ ላይ ተከምሯል አለኝ። የኔም እዚያ ውስጥ ነው። የከተማውን ስልክ ቤት ደጋግሜ ሞከርኩ፤ መስመሩ ሞቷል።

ነጋዴው ነገ ይመለሳል፤ ይህን በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ግን እሱም ከባለሱቁ አያልፍም። ወደ እናንተ የሚወጣ መኪና አለ ወይ ስለው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? "ከወንድምህ መኪና በቀር የለም፤ አሁን ፎር ዊል ሆናለች አሉ" አለኝ።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ ሊያመጣላችሁ የሚችለው፣ አትንዱት የምላችሁ መኪና ብቻ ነው። ምን ብዬ እንደምጨርስ አላውቅም።

ወንድማችሁ


ሐምሌ 4 ቀን

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ፣

አስቀድሜ፦ ሁላችንም በሕይወት አለን። ይህን ከሰላምታው በፊት የጻፍኩት ቀሪውን ተረጋግተው እንዲያነቡ ነው። አሁን እንደምን ሰነበቱ?

ምጡ ወሩ ሳይደርስ መጣ። ጠዋት የአንድ ደንበኛ ቀሚስ ጠርዝ እየሰፋሁ ነበር። ዝናቡ ከዋዜማው ጀምሮ አላባራም። ወንድምዎን ስጠራው "ጊዜው አይደለም እኮ" አለኝ፣ የምከራከረው እኔ ይመስል። እማማ ሆዴን በሁለት እጃቸው ያዙና ጥቂት አዳመጡ። "ልጄ፣ አትከራከር፤ ውሰዳት" አሉት።

እኔ ከፊት ተቀመጥኩ። በያጁ አካፋና ሳንቃ ይዞ ኋላ ላይ ከድንጋዮቹ ጋር ወጣ። እማማን የበያጁ ሚስት ያዘችልን።

ጥቁሩ ጭቃ ጋ ስንደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ወንድምዎ አራቱን አስገባ። ግመሊት ገባች፣ ተንገዳገደች፣ ሆዷ ጭቃውን ሲልሰው ሰማሁ። አምና የቆምንበት ቦታ ላይ ስትደርስ ትንፋሼን ያዝኩ፣ እሱም እንደያዘ አወቅሁ። አልቆመችም። እያጉረመረመች ወጣች። ዓይኔን ስከፍት ወንድምዎ ፊቱ ሁሉ እንባ ነው፤ እጁን ከመሪው ማንሳት ስላልቻለ በትከሻው ይጠርገዋል። ምጡን ረሳሁት። ያኔ ፍርሃታችን አለቀ ብዬ ነበር።

ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ግን ማቃሰት ጀመረች። ቦታውን ያውቁታል፤ በግራ ቀጥ ያለ የድንጋይ ግድግዳ፣ በቀኝ ባዶ ገደል፣ ድንጋዩ ራሱ ወደ ባዶው ያዘነብላል። ወንድምዎ አራቱን አላወጣም፤ "የሚያስፈልጉት እዚህ ነው" አለ። መጀመሪያ መንገጫገጭ ሰማን፤ ከዚያ ከወለሉ ሥር አንድ ነገር ቋ አለ። መታጠፊያው ላይ መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር የፊቱ ጎማ ዞረ፣ መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ ወደ ባዶው ተንሸራተተች። ፍሬን ያዘ። ቆመች። በመስኮቴ ወደ ታች ሳይ መንገድ አልነበረም።

"ለምን ቆምክ?" አልኩት። የማውቀውን ነው የጠየቅኩት።

"መሪው እምቢ አለኝ።"

"አራቱን አውጣዋ።"

የአራቱን ማርሽ በአንድ እጁ ሳበ፣ በሁለት እጁ ሳበ። ተቆልፏል። ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር። በእኔ በኩል መውረድ ስለማይቻል በእሱ በር በኩል ጎትቶ አወጣኝና ከግድግዳው ድንጋይ ጋር አስደግፎ አስቀመጠኝ፤ በያጁ ላስቲክ አለበሰኝ። ወንድምዎ ፊቴ ተንበረከከና በዝግታ "ፈራሁ" አለኝ። ከተጋባን ጀምሮ ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። አንተ ብቻ አይደለህም፣ እኔም ፈርቻለሁ ልለው ፈለግሁ፤ ምጡ መጣና አስጮኸኝ።

ሥሯ ገብቶ ዘንጉን ዳሰሰው። "ተጠማዝዟል" ብሎ ጮኸ፤ "እንደ ተጨመቀ ልብስ ተጠማዝዟል። ከዚህ ከነቃነቅኳት አንዱ ይበጠሳል።"

"መዶሻ ላምጣ?" አለ በያጁ።

"አትምታው!"

እኔ መኪና አላውቅም። ክር ግን አውቃለሁ። ስሰፋ ክሩ ሲጠማዘዝብኝ አልጎትተውም፤ መርፌውን አንጠልጥዬ እለቀዋለሁ፣ እየዞረ ራሱ ይፈታል። ይህንኑ ነገርኳቸው። "አንዱን ጎማ አንጠልጥሉት" አልኳቸው። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ምጥ ያሳበዳት ሴት ሳይመስላቸው አልቀረም።

ከግድግዳው ወገን ያለውን የፊት ጎማ ሊያነሱ ክሪኩን አስገቡ። እርጥቡ ድንጋይ ላይ ክሪኩ ሸርተት አለና ግመሊት ጥቂት ወደ ባዶው ሄደች። በያጁ ሳንቃውን ከክሪኩ ሥር አስገባ፤ ከሌሎቹ ጎማዎች ሥር ድንጋይ ወተፉ። ወንድምዎ እንደገና አነሳ። ጎማው ከድንጋዩ የወረቀት ያህል ሲለቅ፣ ማንም ሳይነካው፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ፣ በራሱ ተፈናጥሮ ዞረ። እስካሁን ሌሊት የሚያባንነኝ ገደሉ አይደለም፤ ያ ጎማ ነው። ውስጧ የታፈነው ሁሉ እኛን ይጠብቅ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

ማርሹ እንደ ቅቤ ወጣ። ቀሪውን ድንጋይ በኋላ ጎማዎቹ ብቻ፣ በያጁ ፊት ፊት እየሄደ እጁን እያወዛወዘ፣ ተሳብን። ታች ጭቃው እንደገና ሲመጣ ወንድምዎ ቆመ፤ እጁ ማርሹ ላይ፣ አያስገባም አይመልስም። "ጭቃ ላይ አላቃሰተችም" አልኩት። "አስገባው። ድንጋይ ላይ ብቻ ነው የምትጠላው።" አስገባው።

ልጅቷ ጤና ጣቢያው በደረስን ጥቂት ቆይቶ ተወለደች። ትንሽ ናት። ጮኸች፤ አዋላጇ በቃሽ እስክትላት ጮኸች። ወንድምዎ ኮሪደሩ ላይ ሆኖ ሰምቷል።

በማግስቱ ሳሙና ሊገዛ ባለሱቁ ጋ ሄደ። ሁለቱንም ደብዳቤዎን ሰጡት። ራሱ አንብቧቸው ኖሮ ብዙ ቆየ። ሲመለስ እጁ ግሪስና ጠመኔ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ "ቆጠርኩ። እኩል አይደለም" አለኝ። ከዚያ ደብዳቤዎቹን ሰጠኝና ሳነብ ፊቴን ሲያይ ቆየ።

ወንድም ጋሼ፣ በእርስዎ አልተቀየምንም። ይህን ሌላ ሰው ሳይሆን እኔ ልነግርዎ ፈለግሁ። ግመሊት ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ላስቲክ ለብሳ ቆማለች። ወንድምዎ እናቱን ሊያይ በእግሩ ወደ ላይ ወጥቷል፤ እኔና ልጅቷ ያክስቴ ልጅ ጋ ነን። የምንለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ለኋላው ዲፈረንሻል ከፊቱ ጋር እኩል የሆነ ጥርስ። እስኪመጣ አንነዳትም።

ደብዳቤ ሲጠብቁ ያሳለፉትን ቀን እያሰብኩ ነው። እግዚአብሔር እርስዎንም ያሳርፍዎ።

የወንድምዎ ሚስት


ነሐሴ 12 ቀን

እህቴ፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ልጅሽን አንዴ ሳሚልኝ፤ ከሳምሻት በኋላ የአጎትሽ ነው በያት።

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ግቢው ውስጥ ፖስታውን ይዤ ስዞር ዋልኩ፤ መክፈት አቃተኝ። አለቃችን "ወይ ክፈተው ወይ ሥራ" ሲለኝ ከፈትኩት። የመጀመሪያውን መስመር አንብቤ ቀሪውን ቤቴ ስገባ ነው ያነበብኩት። የጠበቅኩትን ነገር አልነግርሽም። በየቀኑ ከሚመጡት መኪኖች ውስጥ የተጨፈለቀ ፒካፕ ባየሁ ቁጥር ቀለሟ ምን ነበር እያልኩ አስብ ነበር። አልተቀየምንም ስላልሽኝ አመሰግንሻለሁ። እኔ ግን ራሴን ገና ይቅር አላልኩም።

ለቡሎን፦ ለኋላው የሚሆን ኮሮናና ፒኞን፣ ማለት ሁለቱ የሚነካከሱት ጥርሶች፣ ተልከዋል። እኔ ቆጠርኩ፤ እንደቆጠርኩ ሳልነግረው ሌላ ሠራተኛ አስቆጠርኩ፤ ቁጥራችን ተገናኘ። አንተም ስትገጥማቸው እንደገና ቁጠር። ጨርሰህም ቢሆን ደረቅ ድንጋይ ላይ ያለ ምክንያት አራቱን አታስገባ። ካቃሰተች ቁም። ትላመዳለች አትበል።

እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መልስ ባትሰጪኝም አልከፋም። እንደገና ትሳፈሪባታለሽ?

ወንድምሽ


ጥቅምት 5 ቀን

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ፣

ከእኔ፣ ከእማማና ከልጅቷ የከበረ ሰላምታ ይድረስዎ። ይህን የምጽፍልዎ ከቤታችን ነው።

ጥርሶቹ ደረሱ። ወንድምዎ በያጁን ይዞ ከተማ ወርዶ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ገጠማቸው። ጠመኔውን ለእኔ ሰጠኝና "አንቺ ቁጠሪ" አለኝ። ልጅቷን ለዘበኛው አስይዤ ቆጠርኩ። ፊትና ኋላው እኩል ነው። አንዴ አልበቃኝም፤ ዘበኛው "እመቤት፣ ልጅሽ አርጥባኛለች" እስኪለኝ አስደጋገምኩት። ከዚያ ግቢው ሲሚንቶ ላይ አራቱን አስገብቶ እየጠመዘዘ ዞረ፤ እኔ ጆሮዬን ወደ ወለሉ አዘንብዬ ከጎኑ ሄድኩ። የሞተሩን ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት። "አመንሽ?" አለኝ። "አመንኩ" አልኩት። ቢሆንም አንድ ዙር አስጨመርኩት።

ወደ ላይ የወጣነው የመጨረሻው ዝናብ እያካፋ ሳለ ነው። ጠፍጣፋው ድንጋይ ጋ ሳንደርስ አጥብቄ ስይዛት ልጅቷ ነቃች። ወንድምዎ ሳልነግረው ቆመ። ሞተሩን ሳያጠፋ ወደ እኔ ዞረ።

"ትሳፈሪያለሽ ወይስ ትወርጃለሽ?"

"ብወርድ ይከፋሃል?"

"አይከፋኝም።"

ልጅቷን ደረቴ ላይ አስሬ ወረድኩ። ከግድግዳው ጎን ጎን እየተጠጋሁ ፊት ፊት ሄድኩ። እሱ ከኋላዬ በእግሬ ልክ ነዳ፤ ስፈጥን ይፈጥናል፣ ቆሜ ትንፋሽ ስወስድ ይቆማል። መታጠፊያው ላይ ወደ ኋላ ማየት ፈራሁ። በጆሮዬ ብቻ ተከታተልኳት፤ ጎማዎቹ ውሃውን ሲጠርጉት፣ ሞተሩ ዝቅ ብሎ ሲያጉረመርም። አላቃሰተችም። እኔ ግን እስከ መጨረሻዋ ስንዝር ድንጋይ ድረስ ጠበቅኋት።

አፈሩ ሲጀምር ቆምኩ። ወንድምዎ ከውስጥ ዘርግቶ በሩን ከፈተልኝ። ስገባ እጁን አየሁት፤ መሪውን ከመጨበጥ ብዛት ጣቶቹ አልዘረጋ ብለውታል። ስለዚህ እሱም እንደ እኔ ነበር።

"ሁልጊዜ እዚያ ስንደርስ ብወርድስ?" አልኩት።

"ውረጂ" አለኝ። "እኔ ቀስ እላለሁ።"

ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሴ ይኸው ነው። እሳፈርባታለሁ፤ እዚያች ጋ ስደርስ ደግሞ በእግሬ እሄዳለሁ። ልጅቷ ስታድግ ለምን እንደምንወርድ ትጠይቀን ይሆናል፤ ያኔ አባቷ ይንገራት ብዬዋለሁ፣ እሺ ብሎኛል።

እንቅልፍዎ ይመለስልዎ፤ ይህን ከልቤ ነው የምመኝልዎ።

እህትዎ